ጠበቃ መቼ ነው የሚቆመው፣ የቱ ጠበቃስ?

እኛ ጋ መጀመሪያ ሽማግሌ ይላካል፣ ከዛ "ትንሽ እንታገስ" ይባላል፣ መጥሪያ ሲመጣ ነው ሩጫው። ሽምግልናውን አልቃወምም፣ ወሎ ውስጥ በእርቅ ያለቀው ነገር ስፍር ቁጥር የለውም፣ ግን እርቁ ሲጎተት የህጉ ቀን ቆሞ አይጠብቅም እኮ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቀን ቁጠሩ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሰራ የነበረ የጎረቤታችን ልጅ የስንብት ደብዳቤውን በፌስታል ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ፣ አራት ቦታ ተጣጥፎ ማህተሙ ሊጠፋ ደርሷል፣ ቀኑን ሳየው አራት ወር አልፎታል፣ ለካ እስከዛ አለቃው ጋ ሽማግሌ ሲልክ ነበር። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደግሞ "ያለአግባብ ተባረርኩ፣ ወደ ስራ ልመለስ" ብሎ መክሰሻው 3 ወር ነው፣ እሱ አመለጠው። ደሞዝ፣ ኦቨርታይምና የስንብት ክፍያ ግን 6 ወር ስለሆነ ለዛ ደረሰ። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ልጁ የፈለገው ስራውን ነበራ።

ሌሎቹም ቀን አላቸው፦ መኪና ገጭቷችሁ ካሳ ለመጠየቅ 2 አመት፣ ወራሽ ሆናችሁ ሌላ ሰው ውርሱን እንደያዘው ካወቃችሁ 3 አመት፣ በፍትሐብሔር ይግባኝ 60 ቀን፣ በአሰሪና ሰራተኛ ይግባኝ ግን 30 ቀን ብቻ።

ቀጥሎ ጠበቃ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። ማስረጃው በእጃችሁ ላለ ትንሽ ብድር፣ ጭቅጭቅ ለሌለበት የወራሽነት ማረጋገጫ ራሳችሁ መቅረብ ትችላላችሁ። የሰራተኛ ክስም የዳኝነት ክፍያ የለውም። ቤት ወይም ቦታ ስትገዙ ግን ከመፈረማችሁ በፊት አስነብቡ፣ ከፈረማችሁ በኋላ ጠበቃም ብዙ አያድናችሁም። ሰው ከታሰረ ደግሞ ነገ ሳትሉ ዛሬውኑ። የታሰረ ሰው ዝም የማለት መብት አለው፣ በ48 ሰአት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት (የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም)። ተከሶ መክፈል ካልቻለ ተከላካይ ጠበቃ እንዲቆምለት ዳኛውን ይጠይቅ፣ ህገ መንግስቱ አንቀፅ 20 ላይ አለ። ለሌላው ጉዳይ አቅም ከሌላችሁ ደሴ የሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ህግ ትምህርት ቤት ነፃ የህግ ድጋፍ ስላለው እዛ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ምን አይነት? ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚፅፍላችሁ ሰው ጠበቃ ላይሆን ይችላል፣ ፈቃድ ጠይቁ። ፈቃዱም የክልል ነው የፌደራል የሚለውን እዩ። ፍቺና የእርሻ መሬት በክልል ፈቃድ ይሄዳል፣ የጉምሩክ ጉዳይ ያላችሁ ወይም አዲስ አበባ ፌደራል ሰበር (የህግ ስህተት የሚታይበት የመጨረሻው ችሎት) ድረስ የምትሄዱ ግን የፌደራል ያለውን ፈልጉ። ሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት ከፈለጋችሁ ሁለታችሁም መስማማት አለባችሁ፣ እዛ የለመደ ሰው ያዙ። የወንጀል ጠበቃ ስለተመሰገነ ብቻ የውርስ ነገር አትስጡት፣ "እንዲህ አይነት ጉዳይ ይዘው ያውቃሉ?" በሉ፣ አያስከፋም። ከተማችን ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ስለሆነ ከተከራካሪያችሁ ጋር ሰርቶ እንደሆነም ጠይቁ።

ገንዘቡን በፅሁፍ ተዋዋሉ። ቅድሚያው ስንት ነው፣ ፐርሰንት ከሆነ ከምኑ ላይ ነው፣ ይግባኙን ይጨምራል ወይ፣ ይሄ ሁሉ ይፃፍ፣ ለከፈላችሁት ደረሰኝ ተቀበሉ። ውክልናውን ደግሞ እባካችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ። "ለመታረቅ፣ ገንዘብ ለመቀበል" የሚል ካለበት ጠበቃው እናንተ ሳትኖሩ ታርቆ ብሩን ሊቀበል ይችላል፣ ካልፈለጋችሁት ይውጣ በሉ።

መጀመሪያ ስትሄዱ ኦሪጅናሉን አሳይታችሁ ኮፒውን ስጡ፣ የምስክሮቻችሁን ስምና ስልክ በወረቀት ያዙ፣ መጥሪያው ወይ ደብዳቤው እጃችሁ የገባበትን ቀንም ኮፒው ጀርባ ላይ ፃፉበት።