ማክና ሊኑክስን የዊንዶውስ ዶሜይን ባለው የትምህርት ቤት ኔትወርክ ውስጥ ማስገባት

ዶሜይን ማለት ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች ከአንድ ማዕከል የሚተዳደሩበት ኔትወርክ ነው። ከሁሉም በፊት ሰዓቱን አስተካክሉ። ከርቤሮስ (ዶሜይኑ የተጠቃሚን ማንነት የሚያረጋግጥበት ሥርዓት) በነባሪው ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት አይቀበልም፤ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ማሽኑ አላስገባ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይሄ ነው። ሁሉም ኮምፒውተር ሰዓቱን ከዶሜይን ኮንትሮለሩ (ዶሜይኑን ከሚያስተዳድረው ሰርቨር) ይውሰድ። ዲኤንኤሱም (ስምን ወደ ኔትወርክ አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) ወደዚያው ይጠቁም፤ ወደ ራውተሩ ከጠቆመ ዶሜይኑን አያገኘውም። የዶሜይኑ ስም በ«ሎካል» የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ማክ ስሙን በቦንዡር (በአፕል የአካባቢ ኔትወርክ መፈለጊያ) ልፈልግ ስለሚል ሊጓተት ይችላል።

ለፋይል መጋሪያ ኤስኤምቢ 3 (የኔትወርክ ፋይል መለዋወጫ ፕሮቶኮል 3ኛ ስሪት) በፖርት 445 ይበቃል። አሮጌው ስካነር ፋይል አልልክ ስላለ ብቻ ኤስኤምቢ 1ን አትክፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የተሰራጨው በእሱ ክፍተት ነው። ስካነሩን መቀየር ይሻላል።

የፋይል ስምም ያስቸግራል። ሊኑክስ ላይ «ፈተና 2?» ብሎ መሰየም ይቻላል፤ ዊንዶውስ ግን የጥያቄ ምልክቱን አይቀበልም።