ገጸ ባሕሪያችሁ በምን ያምናል? ስትጽፉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትልቁ ስህተት የገጸ ባሕሪውን አፍ ማመን ነው። ሰው «አምናለሁ» የሚለውና ከልቡ የሚያምነው ብዙ ጊዜ አይገናኙም። አንዲት ነርስ እንበል። «ቡዳ የሚባል ነገር የለም» እያለች ከእናቷ ጋር ስትከራከር ኖራለች። ወልዳ ተኝታ ሳለ አንዲት ጎረቤት «እስቲ ልጁን ልየው» ብላ ትገባለች። ነርሷ ወሬዋን ሳታቋርጥ ነጠላውን ሳብ አድርጋ የልጁን ፊት ትሸፍናለች። «ብርድ እንዳይመታው ብዬ ነው» ትላለች። እዚህ ጋ ደራሲው ዝም ማለት አለበት። «በውስጧ ግን በቡዳ ታምን ነበር» ብሎ ከጨመረበት ትዕይንቱን ገደለው።

ሌላው ሃይማኖትን ጠርቶ ማለፍ ነው። «አጥባቂ ክርስቲያን ናቸው» ማለት ስለ ሰውየው ብዙም አይነግረንም። በአንድ ደብር የሚያስቀድሱ፣ ረቡዕና ዓርብን የሚጾሙ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ። አንዱ እግዜርን የሚያውቁት ይቅር ባይ አድርገው ነው፤ ሌላው ጥፋት ቆጣሪ አድርገው። ልጃቸው ሳታገባ አርግዛ ስትመጣ ማን በር እንደሚከፍትላት ገምቱ።

ስብከትማ ይታወቃል። ገጸ ባሕሪው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ስለ ሕይወት ሁለት ገጽ ሲያወራ አንባቢው ይዘለዋል። የሚያወራው ደራሲው ራሱ እንደሆነ ማን ያጣዋል?

የማንወደውን እምነት ማቅለልም አለ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አስታውሱ። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ክብር ያምናሉ። ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል ጠፍቶ የልጅቷ ዕድሜ እየገፋ እንኳ ንቅንቅ አይሉም። ሐዲስ ዓለማየሁ ጉዱ ካሳን የመሰለ ምላሰ ስለታም አቁመውባቸዋል፤ ያም ሆኖ ፊታውራሪውን ተራ ክፉ ሰው አላደረጓቸውም። በራሳቸው ዓይን ልጃቸውን እያስከበሩ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የሚያስፈሩንም ለዚህ ነው።

በመጨረሻ፣ እምነትን ሁሉ ከአንድ የልጅነት ቁስል አትቅዱ። «አባቱ ጥሎት ስለሄደ ማንንም አያምንም» የሚለው ተሰልችቷል። እምነት የሚገባው ቀስ እያለ፣ በየቀኑ ከሚታይ ትንሽ ነገር ነው። እናቱ ዕቁብ በደረሳት ቁጥር ከዘመድ ስትደብቅ እያየ ያደገ ልጅ አስቡ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም፤ ግን የታየ ደስታ እንደሚነጠቅ ያምናል። አድጎ፣ አግብቶ፣ ደሞዝ ሲጨመርለት ለሚስቱም አይነግራትም። አሁን የእናንተ ሥራ አንድ ነው፦ የደሞዝ ጭማሪውን ደብዳቤ ሚስቱ ኮት ኪሱ ውስጥ ታግኘው። ከዚያ ምን ብሎ እንደሚመልስላት ጻፉ። «ረስቼው ነው» እንዳይል ብቻ።