የተቀየሩ ፋይሎችን ብቻ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው መገልበጥ

አምስት ሰነድ ስለተነካ ሙሉውን ፎልደር እንደ አዲስ መገልበጥ አያስፈልግም። ዊንዶውስ ላይ ሮቦኮፒ የሚባል ትእዛዝ አብሮ ይመጣል። የፋይሉን መጠንና መጨረሻ የተቀየረበትን ሰዓት ከሁለቱም ወገን ያስተያያል፤ ሁለቱም ከገጠሙ ያልፈዋል፣ ካልገጠሙ ይገለብጠዋል።

ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበትን የዊንዶውስ መስኮት) ከፍታችሁ ሮቦኮፒ (robocopy) ብላችሁ ጻፉ (ሁሉም በላቲን ፊደል ነው)፤ ቀጥሎ የምንጩን አድራሻ፣ ከዚያ የመድረሻውን፣ መጨረሻ ላይ /ኢ (/E) እና /ኤክስኦ (/XO)። አድራሻው ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ በትእምርተ ጥቅስ ክበቡት። ከመዝጊያው ጥቅስ በፊት ግን ባክስላሽ (\) አትተዉ፤ ጥቅሱን ይውጠውና ትእዛዙ ይዘበራረቃል።

/ኢ ንዑስ ፎልደሮችን ባዶዎቹን ሳይቀር ያካትታል። /ኤክስኦን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ጉዳቱ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ሮቦኮፒ በራሱ የሚያየው መለያየታቸውን እንጂ የትኛው አዲስ እንደሆነ አይደለም፤ መድረሻው ላይ ዛሬ ያረማችሁትን ሰነድ ባለፈው ሳምንት ቅጂ ይተካዋል። /ኤክስኦ ይህን ይከለክላል። ዳኛው ሰዓት ስለሆነ ግን የሁለቱም ኮምፒውተር ሰዓት ትክክል መሆን አለበት። የምንጩ ሰዓት በአንድ ቀን ወደ ኋላ ከቀረ፣ አሁን የሠራችሁት እንደ አሮጌ ተቆጥሮ ሊታለፍ ይችላል፤ የስህተት መልእክትም አይመጣም።

በፍላሽ የምታመላልሱ ከሆነ /ኤፍኤፍቲ (/FFT) ጨምሩ፤ የ2 ሰከንድ የሰዓት ልዩነትን እንዲያልፍ ያደርገዋል። ፋት32 (አንዳንድ ፍላሽ ላይ ያለው የፋይል አያያዝ ሥርዓት) ሰዓትን የሚመዘግበው በ2 ሰከንድ እርከን ነው፤ ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ ዲስክ የሚጠቀምበት) ግን እጅግ በረቀቀ ልክ። ያልተነካው ፋይል ሁሉ በየጊዜው እንደተቀየረ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላ ፕሮግራም ቆልፎ የያዘው ፋይል ሲያጋጥም ሮቦኮፒ የተንጠለጠለ ይመስላል። አልተንጠለጠለም፤ ካልነገራችሁት በ30 ሰከንድ ልዩነት 1 ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል! /አር:2 /ደብሊው:5 (/R:2 /W:5) ብትሉት በ5 ሰከንድ ልዩነት ሁለቴ ደግሞ ሞክሮ ያልፋል።

/ኤምአይአር (/MIR) የሚባል ሌላ አማራጭ አለ፤ ከምንጩ የጠፋውን ከመድረሻውም ይሰርዛል። ምንጭና መድረሻ ተገላብጠው ከተጻፉ ሥራችሁ ይጠፋል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ /ኤል (/L) ጨምራችሁ አስኪዱት፤ ምንም ሳይነካ ሊያደርግ ያሰበውን ብቻ ይዘረዝራል።

ባች ፋይል (ትእዛዞችን በተርታ የያዘ ፋይል) ውስጥ ስታስገቡት የመውጫ ቁጥር (ሮቦኮፒ ሲጨርስ የሚመልሰው ቁጥር) 1 ስህተት አይደለም፣ ፋይል ተገልብጧል ማለት ነው። ስህተት የሚባለው ከ8 ጀምሮ ነው።