የትዳር ጓደኛ ጡረታ እንዳይጓተት ፋይሉን ዛሬ እንዴት እናዘጋጅ?

ባህር ዳር፣ ሽምብጥ የምትኖር አክስቴ የደም ግፊት መድኃኒቷን የምትገዛው ከሟች ባሏ ጡረታ በሚደርሳት ግማሽ ነው። ያን ግማሽ እስክታገኝ ግን ወራት ተመላልሳለች። ምክንያቱ አንድ ፊደል ነው። የባሏ ስም በአንዱ ወረቀት «ኃይሉ»፣ በሌላው «ሀይሉ»።

ስሌቱ ቀላል ነው። በአዋጅ 1267/2014 መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ጡረተኛ ሲሞት የትዳር ጓደኛው የጡረታውን 50 በመቶ ያገኛል። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ። ጡረታው 6,000 ብር ከነበረ ለሚስት 3,000፣ ለአንድ ትንሽ ልጅ 1,200 ማለት ነው። ሕክምናን በተመለከተ የማህበራዊ ጤና መድን አዋጅ 690/2002 ጡረተኛውን ከነትዳር ጓደኛው ይዟል፤ አፈጻጸሙ ግን ለዓመታት ሲንከባለል ነው የኖረው። ስለዚህ ለብዙዎች የመድኃኒቱ ብር ያው ጡረታው ነው። ወረቀቱን ሁለታችሁም በሕይወት ሳላችሁ ጨርሱት።

መጀመሪያ ትዳሩን አስመዝግቡ። እኛ አገር የድሮ ትዳር ብዙው በሽማግሌ ወይም በቤተ ክርስቲያን ነው። ትዳርነቱን ሕጉ ይቀበለዋል፣ ግን ማስረጃ ይፈለጋል። ሰማንያውን ይዛችሁ ቀበሌ ወሳኝ ኩነት ጋ ሂዱና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ጠይቁ። ሰማንያው ከጠፋ ምስክር ፈልጉ። ምስክሮቻችሁ ዘጌ ከሆኑ ዛሬ በጀልባ ተሻግረው ይመጡላችኋል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን እነሱም ላይኖሩ ይችላሉ።

ቀጥሎ ስም። ይኼ ነው ሰው የሚንቀው። የጋብቻ ወረቀቱን፣ ፋይዳውን፣ የባንክ ደብተሩንና የጡረታ መታወቂያውን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩና ፊደል በፊደል አስተያዩ። ሀ እና ኃ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዓ ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለመዝገብ ቤት ግን ሁለት ሰው ናቸው። የአያት ስምም እንዳይረሳ። ልዩነት ካለ ባለቤቱ ራሱ ቀርቦ ቢያስተካክል ይቀላል። አክስቴ ግን ባሏ ካረፈ በኋላ ኃይሉና ሀይሉ አንድ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት ፍርድ ቤት ሄዳ ምስክር ማሰማት ነበረባት።

ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ መሥሪያ ቤታችሁ የሰው ሀብት ክፍል ገብታችሁ የሕይወት ታሪክ ቅፃችሁን እዩ። ሲቀጠር «ያላገባ» ብሎ ሞልቶ አራት ልጅ ካፈራም በኋላ ያልነካው ሞልቷል! ሚስትን፣ ልጆችን፣ የልደት ማስረጃቸውን አስገቡ። ፍቺ ካለም የፍቺው ወረቀት ይግባ፤ አለበለዚያ ኋላ ሁለት ሚስት መስኮት ላይ ይገናኛሉ።

ሞት ሲመጣ በ30 ቀን ውስጥ ሞቱን ቀበሌ አስመዝግቡ። ልቅሶ ላይ ያለ ሰው አያስበውምና አንድ ዘመድ ይህን ይያዝ። ከዚያ የሞት ምስክር ወረቀቱን፣ የጋብቻውንና የልጆቹን ልደት ይዛችሁ ጡረታ ቢሮ። ኦሪጅናልና ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶም ያዙ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፦ ጡረታ ውርስ አይደለም። ጡረታውን የሚያገኘው ሕጉ «ተተኪ» የሚለው፣ እንደ ትዳር ጓደኛና ትንሽ ልጅ ያለው ነው። ወንድም «የወራሽነት ማስረጃ አለኝ» ብሎ ቢመጣ የሚስትን 50 በመቶ አይወስድም። ኑዛዜም አይቀይረውም።

የሟቹን ኤቲኤም ይዞ ጡረታውን ማውጣትስ? አታድርጉት። ከሞተ በኋላ የገባው ገንዘብ ይመለስ ይባላል፤ ያኔ ደግሞ ተበልቶ አልቋል።

ሁሉንም በአንድ ፕላስቲክ ክላሰር አድርጉና የት እንዳለ ለአንድ ልጃችሁ ንገሩ። የአጎቴ ሰማንያ የተገኘው አልጋ ሥር፣ ባዶ የቡና ጆንያ ውስጥ ነው። የአንደኛውን ሽማግሌ ፊርማ አይጥ በልታዋለች።