የመንገድ ጊዜን ስንገምት ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ በጎንደር ለሚመላለሱ

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በየቀኑ የሚመላለስ ሠራተኛ መንገዱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ሲጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው በሰዓቱ ያየውን ሳይሆን የተሰማውን ነው። ስሜቱን ደግሞ የመንገዱ አቀማመጥ ይለውጠዋልና፣ በስሜት ብቻ ተመርቶ ከቤት የሚወጣ ሰው ወይ ይረፍድበታል፣ ወይ ያለ ምክንያት ማልዶ ይደክማል።

የመጀመሪያው ስህተት መታጠፊያ የበዛበትን መንገድ ሳይለኩ «ሩቅ ነው» ብሎ መተው ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. ሳዳላና ማጌል የተባሉ ተመራማሪዎች ርዝመታቸው እኩል የሆነ መስመሮችን ወለል ላይ አስምረው ሰዎችን ካስኬዱ በኋላ ርቀቱን ሲያስገምቱ፣ መታጠፊያ የበዛበት መስመር ረዝሞ ተገምቷል። በፋሲል ግቢ ዙሪያ ባሉት የቆዩ ሰፈሮች፣ በድንጋይ አጥር መካከል እየታጠፈ የሚያልፈውን የውስጥ መንገድ ትቶ አስፋልቱን የሚዞር እግረኛም በዚሁ ሊታለል ይችላል። ሁለቱንም መንገዶች በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለጥቂት ቀናት፣ ደቂቃውን እየመዘገቡ መሄድ ጥርጣሬውን ያጠራዋል።

ሁለተኛው የመመለሻውን ስሜት ለመሄጃው መጠቀም ነው። ለመንገዱ አዲስ የሆነ ሰው፣ ለምሳሌ በቅርቡ ማራኪ በተባለው ሰፈር ቤት የተከራየ፣ መመለሻው አጭር ሆኖ ሊሰማው ስለሚችል በዚያ ስሌት የጠዋት ቀጠሮ መያዝ የለበትም።

ሦስተኛውና በእኔ እምነት ከሁሉ የከፋው የጥበቃውን ጊዜ ከጉዞው አለመቁጠር ነው። ሚኒባሱ የሚነሳው ሲሞላ ነው፤ ቀድሞ የገባው ተሳፋሪ፣ ረዳቱ በሩን ይዞ «ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ፣ ያቺን የቀረች አንዲት ወንበር እያየ ይቀመጣል። የትራንስፖርት ዕቅድ ባለሙያዎች አንድ የጥበቃ ደቂቃን በመኪና ውስጥ እየተጓዙ ከሚያልፉ ሁለት ደቂቃዎች ጋር በግምት ያስተካክሉታል። በአሜሪካ ሚኒሶታ የተደረገ ጥናት ደግሞ ዛፍ ባለበት ፌርማታ የሚጠብቁ ሰዎች ጥበቃው እንደሚያጥርባቸው አሳይቷል። እዚህ ላይ ስህተቱ የተጓዡ ብቻ አይደለም፤ መንገድ ሲሰፋ የፌርማታውን ጥላ የሚያስቆርጥ ንድፍ፣ የመኪናው ፍጥነት ሳይቀንስ እንኳ፣ በፀሐይ ቆሞ ለሚጠብቀው ሰው ጉዞውን ያረዝምበታል። ተጓዡም ቢሆን ደቂቃውን መቁጠር ያለበት ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ሳይሆን የቤቱን በር ዘግቶ ሲወጣ ጀምሮ ነው።