ወንድ ነው ሴት? ድመት ስንመርጥና ስናሳድግ ልንርቃቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ አይጡም አብሮ ይገባል። ያኔ ቢቸናም ሆነ ደጀን፣ ሞጣም ሆነ ፍኖተ ሰላም የድመት ግልገል ፈላጊ ይበዛል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ወንድ ነው ሴት?» መጠየቁ ክፋት የለውም። ችግሩ ከመልሱ በኋላ ነው። «ወንድ ከሆነ ይጠፋል»፣ «ወንድ አይጥ አይዝም»፣ «ሴት ከሆነች ቤቱን ልጅ በልጅ ታደርገዋለች»። ከዚህ ውስጥ እውነት የሆነም አለ፣ ዝም ብሎ የሚወራም አለ።

ጾታውን በግምት መናገር

ግልገል ድመት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጅራቱን ቀስ ብላችሁ አንሱና ከሥሩ እዩ። ሴቷ ላይ ፊንጢጣዋና ብልቷ በጣም የተቀራረቡ ናቸው፤ ብልቷም ቀጭን ስንጥቅ ይመስላል። ወንዱ ላይ ራቅ ይላሉ፤ በመሃላቸው የቆለጡ ቦታ አለ። ወንድምና እህት ጎን ለጎን ከታዩ ልዩነቱ ቶሎ ይገባል።

ቀለምም ይረዳል። ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ ተቀላቅሎባት ካያችሁ ሴት ናት ብትሉ የመሳሳት ዕድላችሁ በጣም ትንሽ ነው። ቀዩን ቀለም የሚወስነው ዘረመል ያለው ኤክስ ክሮሞሶም በሚባለው የዘር ውርስ ተሸካሚ ላይ ነው። ሴቷ ሁለት ኤክስ ስላላት ቀዩንም ጥቁሩንም አንድ ላይ መያዝ ትችላለች። ወንዱ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ ስለዚህ አንዱን ይይዛል። ከቀይ ድመቶች መካከል ወንዶቹ የሚበዙትም ለዚሁ ነው።

አይጥ የምትይዘው ሴቷ ብቻ ናት ብሎ ማመን

ሁለቱም ያድናሉ። ወሬው የመጣው ልጆች ያሏት እናት አብዝታ ስለምታድን ይመስለኛል። መጀመሪያ የሞተ አይጥ ታመጣላቸዋለች። ቆይታ ደግሞ ከነነፍሱ አምጥታ ትለቅላቸዋለች፤ እነሱም አሯሩጠው መያዝ ይለማመዳሉ። ትምህርቱ ለወንዱም ለሴቷም እኩል ነው።

ስለዚህ ግልገል ስትወስዱ ጾታውን ተዉትና «እናቱ አይጥ ትይዛለች ወይ?» በሉ። ዓይኑን እንደገለጠም አትውሰዱት። ቢያንስ 8 ሳምንት እናቱ ጋ ይቆይ።

«ከጠገበ አያድንም» የሚለውም ልክ አይደለም። ድመት ሳይርበውም ያድናል። ያልተመገበው ግን፣ በተለይ ወንዱ፣ ምግብ ፍለጋ ጎረቤት ይሄዳል። እዚያ ደግሞ መርዝ የበላ አይጥ አግኝቶ ሊበላ ይችላል።

ሴቷ ስትጮህ ታመመች ብሎ መድኃኒት መስጠት

ሴት ድመት 4 ወይም 5 ወር ሲሞላት ጀምሮ ወንድ ልትፈልግ ትችላለች። ያኔ መሬት ላይ ትንከባለላለች፣ እግራችሁን ትታከካለች፣ ወገቧን ዝቅ አድርጋ ኋላዋን ታነሳለች። ሌሊቱን ሙሉ ትጮሃለች። ያላየ ሰው «ውይ፣ ሆዷን አሟት ነው» ይላል። ቀጥሎ ፓራሲታሞል ይፈለጋል። እባካችሁ! አንዲት ፍሬ ፓራሲታሞል ድመት ትገድላለች።

ሁኔታው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ገደማ ያልፋል። ወንድ ካላገኘች ግን ከ2 ወይም 3 ሳምንት በኋላ ይመለስባታል። ካረገዘች በ2 ወር ገደማ ትወልዳለች። ከአንድ ሆድ የወጡት ግልገሎች ቀለማቸው ቢለያይ አትገረሙ፤ አባቶቻቸው ሁለትና ሦስት ሊሆኑ ይችላሉ። «እያጠባች አታረግዝም» የሚለውንም አትመኑ። ታረግዛለች።

ሽንት የሚረጨውን ወንድ መደብደብ

ያልተኮላሸ ወንድ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ያቆምና ግድግዳው ላይ፣ አንዳንዴም ጆንያው ላይ ይረጫል። ሽታው አይጣል ነው። ግን ብልግና አይደለም፤ «ይህ ሰፈር የእኔ ነው» ማለቱ ነው። ብትመቱት ይፈራችኋል እንጂ አይተውም። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባል የለ? ተረቱ የረሳው ማኮላሸትን ነው። ከተኮላሸ በኋላ አብዛኛው ወንድ መርጨቱንም፣ መዞሩንም፣ ጠቡንም ይቀንሳል። ሥራው የእንስሳት ሐኪም ነው፣ በማደንዘዣ። ወይፈን የምናኮላሽበትን ዘዴ ድመት ላይ እንዳትሞክሩት። የወረዳ ክሊኒክ በሬና በግ ላይ ስለሚያተኩር ድመት ያኮላሹ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ያልተኮላሸ ወንድ እየዞረ ስለሚጣላ የመነከስ ዕድሉም ሰፊ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ውሻ ላይ ብቻ አይቆምም። ስለዚህ ድመቱም ይከተብ። የማታውቁት ድመት ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና ዛሬ ነገ ሳትሉ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ወንዱ ሲያምጥ ሆድ ድርቀት ነው ብሎ መተው

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ከሴቷ ይልቅ ረጅምና ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ይደፈናል። ደጋግሞ ቁጢጥ ይላል፣ ያምጣል፣ ብልቱን ይልሳል፣ ጠብ የሚል ነገር ግን የለም። ሰው አይቶ ዘይት ያጠጣዋል። ሽንት ጨርሶ ካልወጣው በ2 ወይም 3 ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ይህን ካያችሁ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

እናቲቱ ልጆቿን ስታዘዋውር መከልከል

«ሰው ስላያቸው ነው» እየተባለ ያየው ሰው ይወቀሳል። ግልገሎችን መዘዋወር ልማዷ ነው። ባዕድ ወንድ ድመት ግልገሎችን ሊገድል ስለሚችል ምክንያትም አላት። ቆጥ ላይም አውጥታ ብታስቀምጣቸው ተዉአት።

ሴቷ ፍቅር ታውቃለች፣ ወንዱ ባለጌ ነው ማለት

ለጸባዩ ከጾታው ይልቅ የሚወስነው ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት የነበረው አያያዝ ነው። በዚያ ጊዜ የሰው እጅ የለመደ ግልገል ወንድም ሆነ ሴት ጭን ላይ ይተኛል። ያልለመደው ግን ሴትም ብትሆን ስትነኳት ትቧጭራለች። ለመውሰድ ስትሄዱ እጃችሁን ዘርጉላቸው፤ ሳይፈራ መጥቶ የሚያሸታችሁን ምረጡ።