የቮካ ድጎማ ሪፖርት በ4,000 ዶላር ጎደለ፤ እንዴት ተስተካከለ?

በአሜሪካ የወንጀል ተጎጂዎችን ለሚረዳ ማኅበር 80,000 ዶላር የቮካ (የአሜሪካ ፌዴራል የወንጀል ተጎጂዎች ሕግ፣ VOCA) ድጎማ ተፈቀደ። ማኅበሩ ከራሱ ማዋጣት ያለበትን የ20 ከመቶ ድርሻ 16,000 ዶላር ብሎ አስመዘገበ፤ ሪፖርቱ «ድርሻው ጎድሏል» ተብሎ ተመለሰ።

ስህተቱ መነሻው ላይ ነው። 20 ከመቶው የሚሰላው ከድጎማው ሳይሆን ከጠቅላላው የፕሮጀክት ወጪ ነው። 80,000ን ለ0.80 አካፍሉ፤ 100,000 ይመጣል። ድጎማውን ቀንሱ፤ 20,000 ይቀራል። ባጭሩ፣ ድርሻው የድጎማው ሩብ ነው።

የጎደለው 4,000 በጥሬ ገንዘብ መሞላት አላስፈለገውም፤ የበጎ ፈቃደኞች ሰዓት ይቆጠራል። ተጎጂዋን አጅቦ ፍርድ ቤት የሚሄድ አማርኛ ተርጓሚ ሰዓቱ በ20 ዶላር ከተተመነ 200 ሰዓት ይበቃል። ተመኑ ግን ለተመሳሳይ ሥራ ከሚከፈለው ጋር መስማማት አለበት።

ብዙ ማኅበራት የሚወድቁት ማስረጃው ላይ ነው። ቀን፣ የተሠራው ሥራ፣ ሰዓት፣ የበጎ ፈቃደኛውና የኃላፊው ፊርማ በየሳምንቱ ይሰብሰብ፤ በዓመቱ መጨረሻ በትውስታ የተሞላ ቅጽ ኦዲት ፊት አይቆምም። ለገቢ ማሰባሰቢያ የዋለ ሰዓት አይቆጠርም፣ ቮካ ያንን ሥራ አይሸፍንምና። በሌላ ድጎማ ድርሻነት የተመዘገበ ሰዓትም ሁለተኛ አይገባም።

ሰዓት ካነሰ ሳትዘገዩ ለክፍለ ግዛቱ የድጎማ አስተዳዳሪ መሥሪያ ቤት ድርሻው እንዲነሳላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የቮካ ማሻሻያ ሕግ ለክፍለ ግዛቶች ድርሻውን የመተው ሰፊ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ምክንያቱን በቁጥር አስረዱ፦ ድርሻው ባይነሳ ስንት ተጎጂ ያለ ተርጓሚ፣ ስንቷ ያለ መጠለያ እንደምትቀር።